በቧንቧ ውሃ መታጠፊያ ሁለት ክላክስ

ሉባባን ለዓመታት ያንገበገባት የሞተሯ መቃጠል አልነበረም፤ «በአነዳድሽ ገደልሽው» መባሏ ነበር።

ያኔ ደሴ ውስጥ መኪናው ሁሉ ተማሪ ሞተር ነበረው። ተማሪ ሞተር የሾፌሩን እጅና እግር እያየ መንገዱን ያጠናል፤ ያጠናውንም ትዝታ ቋት በሚሉት፣ እንቁላል በሚያክል ብርጭቆ ውስጥ ያኖራል። የሉባባን ሚኒባስ በዳገትም በጭጋግም የሚያክለው አልነበረም።

አንድ ቀን ለፍሬን ጋራዥ አስገባችው። አጠገቡ ልቁም ብትል «ደንበኛ አይገባም» ብለው በሩን ዘጉባት። ሲወጣ ሞተሩ እጇን አላውቅ አለ። ዳገቱ መሃል ሂድም ቁምም የተባለ ይመስል ተንቀጥቅጦ ተቃጠለ። የጋራዡ ባለቤት ሙህዬ በተሳፋሪው ሁሉ ፊት ጣቱን ቀሰረባት። መንጃ ፈቃዷን ተነጠቀች። ሚኒባሱም ግቢዋ ውስጥ ተገትሮ የዶሮ ቤት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ሾፌር የሚባል ተወ፤ መኪናው ራሱን ይነዳል። ሉባባ አንድ ጠዋት ታክሲ ተሳፍራ ስትሄድ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር መታጠፊያው ላይ ታክሲው ቀስ አለና ሁለቴ ጡጥ፣ ጡጥ አደረገ።

«ምን አይቶ ነው?» አለች።

«ሁሉም እዚህ ሲደርስ እንዲሁ ነው» አላት አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ። «ጂን አለ ይላሉ።»

ጂን አልነበረም። እማማ ዙሪያሽ ነበሩ። ዓይነ ስውር ቆሎ ሻጭ ነበሩ፤ እዚያ ጋ መኪና ሳይጠብቁ ይሻገሩ ነበር። ሉባባ ቀስ ብላ ሁለቴ ክላክስ ስታደርግ እሷ መሆኗን አውቀው ዘንጋቸውን ያነሱላታል። ከሞቱ ቆይቷል። እንደዚያ የሚያደርግ ሾፌር ደግሞ ከእሷ ሌላ አልነበረም።

ታክሲውን አስቁማ ወረደችና በእግሯ ጋራዡ ድረስ ሄደች።

«አንተ ሌባ!»

ሙህዬ ከወንበሩ አልተነሳም። «እትዬ ሉባባ፣ ዛሬም? ያ ነገር አልቋል እኮ።»

«ትዝታ ቋቴን አውጥተህ ያጠናውን ለከተማው መኪና ሁሉ ሸጠሃል! በቦታው የማን እንደሆነ የማይታወቅ ወትፈህ ሞተሬን አቃጠልክ!»

«ማስረጃሽስ?»

«የራስህ መኪና። ተነስ፣ ቧንቧ ውሃ እንሂድ! ሁለቴ ካልጮኸ ምላሴን ቁረጠው!»

«የእኔም ይጮኻል» አለ በሩ ላይ የቆመ አንድ ደንበኛ። ሌሎቹም ማጉረምረም ጀመሩ። ሙህዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሺ፣ አዲስ ሞተር እንገጥምልሻለን። መንጃ ፈቃድሽንም አስመልሳለሁ። አጠፋሁ ግን አልልም።»

«በል እንጂ!»

«አልልም። ደግሞ ሞተሩ ካንቺ የሚማረውን ማታ ማታ ወደ እኛ ይልካል፤ እኛም ለሁሉም መኪና እናከፋፍላለን። በእጁ የሚነዳ ሰው ከጠፋ ወዲህ አዲሶቹን መንገዶች የሚያስተምርልን የለም። ካልፈለግሽ ዶሮሽን አርቢ።»

ሉባባ ትኩር ብላ አየችው።

«ይላክ» አለች።

ሞተሩ ሲገጠም አጠገቡ ቆመች፤ ዞር በይ ሊላት የደፈረ አልነበረም። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ሚኒባሷን አስነስታ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ትነዳለች። በሩ ጋ ቀጥ ታደርገዋለች፣ ክላክሱን እስኪበቃት ታንባርቀዋለች፣ ከዚያ ዞራ በቧንቧ ውሃ በኩል ትመለሳለች። ሙህዬ በመስኮት እያየ «አበደች» ይላል።

ክረምቱ ሲወጣ በከተማው ያለ መኪና ሁሉ ጋራዡ አልገባም አለ። ይመጣል፣ በሩ ጋ ይቆማል፣ ያንባርቃል፣ ይዞራል። ሙህዬንም የገዛ መኪናው ወደ ቤቱ መለሰው።

በመጨረሻ ሉባባ ቤት መጣ።

«እባክሽ፣ እንዲገባ አስተምሪው። ካንቺ የተማሩትን ነቅለን ብንጥል ዳገቱን የሚያውቅ መኪና አይቀርም።»

«አጠፋሁ በል።»

«...አጠፋሁ።»

«እዚህ ለዶሮዎቼ አይደለም። ያን ቀን ጣትህን ስትቀስርብኝ ባየው ሰው ፊት ነው» አለችና በሩን ዘጋችበት።

ሙህዬ እየተሳደበ መኪናው ውስጥ ገባ። ቧንቧ ውሃ መታጠፊያ ሲደርስ መኪናው ቀስ አለ፤ ጡጥ፣ ጡጥ።

«ለማን ነው?» ብሎ ጮኸበት። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። መኪናው ግን አሮጊት ለማሻገር የሚበቃ ያህል ቆሞ ጠበቀ።