የአራት ወር ሰንጋ

ነስሪን መጀመሪያ የተናደደችው በኢርሻድ ነበር። በአለቃዋ የተናደደችው ከዚያ በኋላ ነው። በራሷ ላይ ያላት ንዴት ከሁሉም ዘግይቶ መጣ፤ ከመጣ በኋላ ግን አለቅም አላት።

የቀጠራት ጭሮ ከተማ የሚገኝ፣ ሥጋ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ነው። ሥራዋ ታብሌት ይዞ በየገጠሩ መዞርና የከብት አድላቢዎችን መጠየቅ ነው፤ በሚሰጧት መልስ የእያንዳንዱ ሰንጋ የካርበን ልቀት ይሰላል። ድርጅቱ ልቀቱን በሩብ እንደሚቀንስ ለውጭ ገዢዎቹ ቃል ገብቷል።

ኢርሻድን ያገኘችው በአባቱ ደጅ ነው። የታሰረ ሰንጋ አጠገብ ተቀምጦ የማሽላ አገዳ እየሰባበረ በእጁ ያጎርሰዋል። የሐረርጌ ሰንጋ ሜዳ አይሰማራም፤ እንደ ሙሽራ እየጎረሰ ነው የሚደልበው። ኢርሻድ ቀና ብሎ ሲያያት ጥያቄዋ ለአፍታ ጠፋባት።

«ስንት ወር ቀለብከው?» አለችው እንደምንም።

«ሁለት ዓመት!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ወላሂ፣ በዚህ እጄ!»

ውሸቱን ነው፤ ሰንጋው የአራት ወር ቅልብ ነው። ግን በዚያ አገር ለገዢ ወሩን ጨምሮ መናገር ወግ ነው። ገዢም ይህን ስለሚያውቅ በልቡ ቀንሶ ይሰማል። ነስሪን ራሷ የሥጋ ነጋዴ ልጅ ናትና ማወቅ ነበረባት። እሷ ግን ዓይን ዓይኑን እያየች የነገራትን ጻፈች። ጎረቤቶቹም ከእሱ ላለማነስ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት አሏት። ሁሉንም ጻፈች።

ከዚያ ወዲህ ኢርሻድ ጭሮ የሚያስመጣው ጉዳይ በዛ። ሻይ ቤት ይቀመጣሉ፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ እነሱ ይተያያሉ። «ሽማግሌ ልላክ?» ሲላት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ዝምታዋ እሺታ መሆኑን ሁለቱም አውቀዋል።

በሳምንቱ ሪፖርቱ ወጣ። በድርጅቱ ስሌት ብዙ ጊዜ የተቀለበ ሰንጋ ብዙ ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ የኢርሻድ መንደር በልቀት አንደኛ ሆነች። ከእንግዲህ ከዚያ መንደር ከብት አይገዛም የሚል ማስታወቂያ በድርጅቱ በር ላይ ተለጠፈ።

ኢርሻድ ከቢሮ ስትወጣ ጠበቃት። «ምን በድዬሽ ነው?»

«ሁለት ዓመት ያልከኝ አንተ! ለዚያውም የአላህን ስም ጠርተህ!»

«አቦ፣ ለሁሉም የሚባለውን ነው ያልኩሽ! ደግሞ አንቺ ፊት ማነስ አልፈለግኩም።» ድምፁ ተሰበረ። «አንቺስ ያገራችንን ሰንጋ አታውቂም?»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ወጋቻት፤ እውነት ናትና።

በማግስቱ አለቃዋ ጌድዮን ቢሮ ገባች። «ወራቱ ተሳስተዋል። ልናርመው ይገባል።»

«ካረምነው ቅነሳ የሚባል ነገር የለም» አላት ረጋ ብሎ። «ቃላችንን የጠበቅነው ያን መንደር በመተዋችን ነው። ይልቅ ሪፖርቱ ላይ ፈርሚበት።»

«ቀኑን ሙሉ የሚያጓራው ጀነሬተርስ? የማቀዝቀዣ መኪኖቹስ የታሉ?»

«እነሱ ለሌላ ዓመት ይደርሳሉ።»

«እናንተ የቀነሳችሁት ሰው ነው እንጂ ጭስ አይደለም!» ጮኸች፤ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማት። «በስሜ ውሸት አልፈርምም።» የሥራ መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች።

ኢርሻድን ግን ይቅር አላለችውም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። «ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ከብት ተራ መሃል ቁም» አለችው። «አባትህ ባሉበት ስንት ወር እንደቀለብክ ተናገር።»

ለአድላቢ ይህ በአደባባይ ልብስ ከማውለቅ አይተናነስም። በገበያው ቀን ግን ቆመ። «አራት ወር ነው! ጂአ አፉር!» አለ በአማርኛም በኦሮምኛም። ገበያው ሳቀ። አባቱ መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩና፣ «የሌላኛው ሰንጋችን ደግሞ አምስት ወር ነው» አሉ ቀስ ብለው። ሳቁ ቆመ። ከዚያ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ እውነቱን ነገሯት፤ ነስሪን ጻፈች፤ አሻራቸውን አኖሩ። ወረቀቱን በስሟ ለውጭ ገዢዎቹ ላከች።

ወር አለፈ፤ መልስ የለም። መንደሩ ሰንጎቹን ለሚኤሶ ከተማ ነጋዴዎች በርካሽ ሸጠ፤ ድርጅቱ ስለ ንጹሕ አየር ትልቅ ባነር ሰቀለ። ነስሪን ባነሩ ሥር ቆማ ስታነበው ኢርሻድ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«አሁንም ተናደሽብኛል?»

«አዎ። በአንተም፣ በእነሱም፣ በራሴም።»

«ታዲያ ሽማግሌዎቹ ይቅሩ?»

ዞር ብላ አየችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

«ላካቸው» አለችው። «ንዴቴ እስኪበርድ ከጠበቅክማ አታገባኝም።»