ወደታሸገው ቤት የገቡት

ከባለቤቴ ጋር ያገናኙኝ ዝንቦች ናቸው ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ሥራዬ ሬሳ ላይ የሚገኙ ነፍሳትን መመርመር ነው። ፔንግሁ ደሴት የተጠራሁት፣ አሁዋት የሚባል ዓሣ አጥማጅ ለቀናት ከቆየበት ባሕር በተመለሰ ማግስት እናቱ አልጋቸው ላይ ሞተው ስለተገኙ ነው። ማታ ሲገባ ተኝተዋል ብሎ አልቀሰቀሳቸውም። ሐኪሙ የልብ ሕመም ይሁን የትራስ አፈና መለየት አቃተው። ትል ስላልታየ ፖሊሱ «የሞቱት ልጃቸው በገባ ሌሊት ነው» አለ። እናትና ልጅ ቤቱን እንሽጥ አንሽጥ እያሉ ሲጨቃጨቁ መክረማቸውን ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

በእኛ አገር ወግ የእናት ወንድም ሚስማር ካልመታ የእናት ሬሳ ሳጥን አይዘጋም። አጎትየው መዶሻውን ወርውረው «ገዳይዋ ቆሞ እያየ እህቴን አልቀብርም» ብለዋል።

«መስኮቶቹን በፕላስተር ያሸገው ማነው?» አልኩ ቤታቸው እንደገባሁ።

አሁዋት አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ። ማዕበል ይመጣል ሲሉ ዝናብ እንዳይገባባት ብዬ። ሙቀት ስለማትወድም ኤሲውን ከፍቼላት ሄድኩ።»

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ልቤ የሸፈተው ያኔ ነው፤ ግን ሥራ ላይ ነበርኩና ወደ ሬሳው ዞርኩ።

ትልልቆቹን ዝንቦች የከለከለው ያ ፕላስተር፣ ሬሳውን ያቆየው ያ ቅዝቃዜ ነበር። ልጁን ያስጠረጠረው የገዛ ደግነቱ ነው።

በሌሊት ልብሳቸው እጥፋት ውስጥ ግን ከሰሊጥ ያነሱ እጮች አገኘሁ። የበር ስንጥቅ የሚበቃቸው፣ ከመብረር ይልቅ መሮጥ የሚወዱ የጥቃቅን ዝንቦች ልጆች ናቸው። በዚያ ብርድ እንዲህ ለማደግ ቀናት ይፈጅባቸዋል። እናትየው ያረፉት አሁዋት ገና ባሕር ላይ ሳለ ነበር።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል» አልኳቸው አጎትየውን፣ ሁሉን ካስረዳኋቸው በኋላ። «በታሸገ ቤት ግን ይገባል።»

መዶሻውን ራሳቸው ፈልገው አነሱ። ሚስማሩን ሲመቱ አሁዋት ተንበርክኮ አለቀሰ፤ እኔንም አላስቻለኝም።

ከወር በኋላ ደረቅ ዓሣ ይዞ ላቦራቶሪ ድረስ መጣ።

«ለዝንቦቹ ነው?» አልኩት።

«ለጠበቃቸው» አለና ጆሮው ድረስ ቀላ። እናቴ «የሬሳ ዝንብ ለቃሚ ማን ያገባል?» ስትለኝ ነበር የኖረችው።

በሠርጋችን ዕለት የክብሩ ወንበር እንደ ወጉ የአጎትየው ነበር። የማሽላ አረቄያቸው ብርጭቆ ጠርዝ ላይ አንዲት ጥቁር ዝንብ አረፈች። አስተናጋጁ ሊያባርራት ሲል እጁን ያዙት።

«ተዋት» አሉ። «እሷም ቤተሰብ ናት።»