ነጩ አንሶላ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932፣ በኖቬምበር መጀመሪያ፣ የአውሎ ነፋሱ ወራት አለፈ ተብሎ የጣሪያ ማሰሪያ ገመድ ሁሉ በተፈታበት ሰሞን፣ ከካሪቢያኗ ደሴት ከካይማን ብራክ በስተደቡብ ያለው ባሕር እንደ እርሳስ ጠቆረ፤ ካፒቴን ኤልዲንም ኤሊ አድኖ ሲመለስ አገሩን ከፊቱ፣ ነፋሱን ከጎኑ አገኘ።

በዚያ መንደር ባል ከባሕር ሲመለስ ሚስት ነጭ አንሶላ ዘርግታ በዳርቻው ትቆማለች፤ አንሶላው ከኋላው ካለው ቤት ጋር ሲሰለፍ፣ በቋጥኞቹ መካከል ያለው ጠባብ መግቢያ ከጀልባዋ ፊት ለፊት ነው። ያን ዕለትም ሰዎች ከመንደሩ በላይ ወዳለው ገደል ዋሻዎች እንደ ጉንዳን ሲወጡ ይታዩ ነበር፤ አንሶላው ግን ከስፍራው አልተነቃነቀም።

«ዜልማ ናት!» አለ የሚስቱ ወንድም ሮይስ፣ የሸራውን ምሰሶ አቅፎ። «እህቴን አጣታለሁ? ስትቆጣም እንዲህ ነው የምትገተረው። ግባ እንጂ!»

«አይገባም። ማዕበሉ ከዳር እስከ ዳር እየፈረሰበት ነው።»

«በሠርግህ ዕለት ‹ዓይኔን ጨፍኜ እገባለሁ› ያልከው አንተ አይደለህም? ወይስ ያን ቀን የተናገረው አረቄው ነው?»

«አፍህን ዝጋና ገመዱን ያዝ። ስድስት ነፍስ ይዣለሁ።»

«እዚያ የቆመችውስ ነፍስ አይደለችም?»

ኤልዲን፣ ጀርባዬን ስታይ ወደ ዋሻው ትወጣለች ሲል አሰበ፤ መሪውንም ወደ ጥልቁ ባሕር አዞረ። በዚያው ቅጽበት ዝናቡ በመካከላቸው እንደ መጋረጃ ወረደ። መዞሩን ማየት አለማየቷን አላወቀም።

ትልቁን ሸራ እፍኝ እስኪያህል አሳጠረ፤ የፊተኛውን ትንሽ ሸራ በነፋሱ ላይ ገልብጦ አሰረ፤ የመሪውንም እጀታ በተቃራኒው ጠፈረ። አንዱ ሲገፋት ሌላው እየመለሳት፣ ጀልባዋ ሳትሄድም ሳትገለበጥም እያቃሰተች ከምድር ራቀች። ከወለሉ በታች በጀርባቸው የተጋደሙት ኤሊዎች እንደ ሰው ይተነፍሱ ነበር። ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ሲነፍስ ባሕሩ ወደ መንደሩ መሄዱን ስድስቱም አወቁ።

ባሕሩ ሲበርድ ኤልዲን ያለ ምልክት ገባ፤ የሚሰለፍ ቤትም አንሶላም አልነበረም። አክስት ሬና የምትባል አሮጊት ከዋሻው ወርዳ ጠበቀችው።

«ጠራናት፣ የኔ ልጅ፤ እጇንም ጎተትኩ። ‹አይቼዋለሁ፣ እየገባ ነው፤ አንሶላውን አሁን ባወርደው ቋጥኙ ላይ ይወጣል› አለችኝ።»

የዚያን አውሎ ነፋስ ነገር የጻፉ ሰዎች የፈረሱትን ቤቶች ቆጠሩ፤ በዳርቻው የቀሩትንም ማስጠንቀቂያውን አልሰሙም አሉ። ከዚያ ወዲያ በመግቢያው ትይዩ፣ በአንሶላውና በቤቱ ፈንታ የሚሰለፉ ሁለት ነጭ የተቀቡ እንጨቶች ተተከሉ፤ አጠገባቸው ሴት ቆማ አታውቅም። ማን እንደ ተከላቸው መንደሩ ያውቃል፤ ለምን እንደ ተተከሉ ግን የጻፈ የለም።