ከግድግዳው ወዲያ የመለሰልኝ

በዚያ ቀን አራት ነበርን፤ እኔ፣ ጋሼ ይማም፣ ልጃቸው ሐያት፣ እና ዴል የምንለው አሜሪካዊው አናጢ። ሌላ ሰው በግቢው ውስጥ አልነበረም፣ ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ “ሌላ ሰው ገብቶ ይሆናል” እንዳትሉኝ ነው። ደግሞ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ቤት ሲንቋቋ እንጨቱ እየደረቀ ነው፣ በር ብቻውን ሲከፈት ማጠፊያው ላልቶ ነው የምል፣ ማጠፊያውንም ሄጄ ካላየሁ የማላርፍ።

ጊዜው 2020፣ ኖቬምበር ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ከኮሎምበስ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ የጥንት የግንድ ቤቶች ሜዳ ላይ የተሰበሰቡበት ሙዚየም አለ፣ በኮቪድ የተነሳ ለጎብኚ ተዘግቶ ስለነበር ቤቶቹን ለመጠገን ጥሩ ጊዜ ሆነ። እኔን ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም፣ ሞርስ ሮድ አጠገብ በተከራየኋት ክፍል ቪዲዮ እያየሁ፣ የተጣለ እንጨት እየጠረብኩ ነው የለመድኩት። ዴል ለሙከራ ወሰደኝ፣ እኔ ደግሞ ጋሼ ይማምን አመጣሁ፤ እዚህ ሹፌር ናቸው፣ ወሎ ግን የጭቃ ቤት ሲመርጉ ነው ያደጉት።

ሥራው እንዲህ ነው። በግንድና በግንድ መካከል ያለው ክፍተት በጭቃ፣ በኖራና በጭድ ይሞላል፤ አንዱ ከውጭ ይጠቀጥቃል፣ ሌላው ከውስጥ በመዳፉ ደግፎ ይይዝና ያለሰልሳል። ግድግዳው መሃል ስላለ አይተያዩም፣ ስለዚህ የውስጡ ሰው ግንዱን ይመታል፤ አንዴ ከመታ “ጨምር”፣ ሁለቴ ከመታ “በቃ፣ እለፍ” ማለት ነው። ያስለመደን ዴል ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት ዴል መጥቶ ቁርጡን ነገረኝ፤ ማታ ውርጭ አለ፣ የሰሜኑ ግድግዳ ዛሬ ከተዘጋ ውስጥ ማሞቂያ አስገብተን ጭቃውን እናደርቃለን፣ ካልተዘጋ ግን ቤቱ በሸራ ተሸፍኖ እስከ ጸደይ ይቆያል። እኔም ወደ ቀድሞው ሥራዬ፣ ወደ ዌርሃውስ የሌሊት ሺፍት እመለሳለሁ ማለት ነው፣ እመኑኝ፣ ያን ሺፍት በፍጹም አልፈልገውም ነበር።

“ጋሼ፣ እንደርስበታለን?” አልኳቸው።

“አንተ ጠቅጥቅ እንጂ! ሚዜ እንደጠፋበት ሙሽራ ምን ያቁለጨልጭሃል?” ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

የቤቱ ወለል ለጥገና ተነስቶ ስለነበር ውስጡ እስከ መሠረቱ ድንጋይ ድረስ ጉድጓድ ነው፣ ጋሼ የሚቆሙት በሁለት ድንጋይ ላይ በተጋደመች አንድ ሳንቃ ላይ ነው። ሐያት ከበሩ ትይዩ መኪና ውስጥ ሆና በስልኳ የዩኒቨርሲቲ ክላሷን ትከታተላለች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ “ዳድ፣ ኢትስ ፍሪዚንግ!” እያለች ብርዱን ስታማርር፣ “ፍሪዝ ካደረግሽ ነይና ጭቃ ርገጪ!” ብለው ሲመልሱላት እስከ ውጭ ድረስ ይሰማል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ንፋሱ በረታ፣ ኮፍያዬን እስከ ጆሮዬ ድረስ ሳብኩና የእጅ ባትሪዬን አብርቼ ቀጠልኩ። ጠቀጥቃለሁ፣ ከውስጥ አንዴ ይመታል፣ እጨምራለሁ፣ ሁለቴ ይመታል፣ አልፋለሁ። የሚገርማችሁ ሥራው እየፈጠነ ሄደ። ጋሼ እስካሁን በግንበኛ ማንኪያቸው እጀታ ነበር የሚመቱት፣ አሁን ግን ድምፁ የጣት አንጓ ድምፅ ሆነብኝ፣ ማንኪያው ወድቆባቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሦስቴ ተመታ። ሦስት የሚባል ምልክት የለንም። ቆም ብዬ በባትሪው ስፈትሽ፣ ከታችኛው ግንድ ጀርባ ጭቃ ያልደረሰበት ባዶ ቦታ ትቼ ኖሯል፣ ሞላሁት፣ ወዲያው ሁለቴ መታልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እንደዚያ የተግባባሁት የሥራ ጓደኛ አላስታውስም።

የመጨረሻዋን ክፍተት እየጠቀጠቅኩ ሳለ ከኋላዬ፣

“ኧረ ልጄ! ብቻህን ጨረስከው እንዴ?”

ዞር ስል ጋሼ ይማም ናቸው፣ ሳንቃዋን በትከሻቸው ተሸክመው፣ መስገጃቸውን በብብታቸው ይዘው።

“ከውስጥ መቼ ወጡ?”

“መግሪብ ደርሶ ነዋ፣ መሬቱ ጭቃ ስለሆነ ሳንቃዋን አንስቼ እዚያ ማዶ ሰገድኩባት። ‘ልስገድና ልምጣ’ ብዬህ ሁለቴ መታህልኝ እኮ።”

“ጋሼ፣ እኔ አልሰማሁዎትም፣ አልመታሁምም።”

እኔን ሲያዩ፣ እኔም እሳቸውን ሳይ፣ ግንዱ ከውስጥ ሁለቴ ተመታ። ቀስ ብሎ።

ጋሼ “ቢስሚላህ” ብለው ሳንቃዋን ጣሉ። በበሩ በኩል ዞረን ባትሪውን አበራን። ማንም የለም። የጉድጓዱ አፈር እርጥብ ነው፣ ያለው ዱካ የጋሼ ጫማ ብቻ ነው። ያለ ሳንቃ የሚቆም ሰው እጁ ወደ ላይኞቹ ክፍተቶች አይደርስም። ደጋፊ ከሌለው ደግሞ እርጥብ ጭቃ ወደ ውስጥ ይዘረገፋል፣ አንዲት ጉርሻ የምታህል እንኳ አልወደቀችም። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ልስልስ ብሏል፣ የጋሼ ማንኪያ ካቆመበት ጀምሮ ያለው በጣት ነው የተለሰነው፣ መስመሮቹ ገና ያብረቀርቁ ነበር። ከጋሼ ጣት የቀጠኑ ናቸው፣ የጋሼን እጅ አስጠግቼ አይቻለሁ።

ዴል ማሞቂያውን እየገፋ ሲመጣ የሆነውን ነገርነው። አልሳቀብንም። ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አየ፣ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀ፣ ከዚያ “ተዘግቷል፣ ሰኞ ና” አለኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው እሠራለሁ፣ በሥራዬም ደስተኛ ነኝ። ብቻ ከውስጥ በኩል ግባ ስባል ሰበብ እፈልጋለሁ።

እንግዲህ አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ የረሳሁት ካለ ጨምሩበት። ጋሼ ይማም፣ የመጨረሻውን ምት እርስዎም ሰምተዋል፣ ይመስክሩልኝ። ሐያት ሆይ፣ አንቺ ያን ሁሉ ጊዜ ፊትሽ ወደ በሩ ነበር። ሰው ሲገባ አይተሽ እንደሆነ የዚያኑ ማታ ስጠይቅሽ “ሲገባ አላየሁም” ነበር ያልሽኝ። ሲወጣስ?