የወፍጮ ቤቱ ነጭ ብናኝ

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቢያድግልኝ ጋዝ ቸርቻሪውን ንጉሡን «ቆማጣ» ብሎ የሰደበው በ1991 ዓ.ም.፣ በሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ነው። ተራ የያዙት ሴቶች በሙሉ ይሰሙ ነበር። «ይኸን ስልቻ አንሳልኝ! የቆዳህ ቅርፊት የረገፈበት እህል ወፍጮዬ ውስጥ አይገባም!» አለው። ማን ማን እንደሳቀ ንጉሡ አንድ ባንድ ያውቃል። ቀድማ የሳቀችው የቢያድግልኝ ሚስት ንግሥቴ ነበረች፤ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ስባ።

ንጉሡ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ቢያቋርጥም ቂም በመያዝ ማንም አይቀድመውም። ከዚያ ቀን ወዲያ እህሉን በአህያ ጭኖ ሌላ ቀበሌ ያስፈጫል እንጂ በዚያ ደጅ አላለፈም።

እንግዲህ በ1994 ዓ.ም. አንድ የየካቲት እሑድ ረፋድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ቢያድግልኝ ከወፍጮ ቤቱ ጓዳ ተቃጥሎ ሞቶ ተገኘ። የመካነ ሰላም ከተማ ብዙ አላሰበችም። ንጉሡ ነጭ ጋዝ በጠርሙስ የሚቸረችር ሰው ነው። ከጓዳው ደፍ ላይ የጋዝ ጠርሙስ ተገኝቷል፤ ውታፉም የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ጠርሙስ በቆረቆንዳ የሚወትፍ ደግሞ ከንጉሡ በቀር የለም።

ፖሊሶች ንጉሡን ይዘው ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲመጡ የሟቹ ወንድም አበጋዝ ዱላውን አንስቶ ተንደረደረ።

«ልቀቁኝ! ወንድሜን እንደ ጧፍ አንድዶት!»

«ዱላህን አስቀምጥ» አለች አንዲት ቀጭን ሴት ከጓዳው ብቅ ብላ። ሳጅን አሰጋሽ ነበረች፤ የወረዳው መርማሪ። ጉልበቷ ላይ አፈር ነበረበት። «ሰውዬው ደሴ ፍርድ ቤት ይላካል አይላክም የምለው እኔ ነኝ። በሩን የሰበርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ሰብሬ ስገባ እሳቱን በከረጢት አፈንኩት፤ ወንድሜ ግን አልቆ ነበር። ወዲያው ወደ እናንተ ሮጥኩ።»

«እዚህ ማን ቀረ?»

«ንግሥቴ ናታ! ሚስቱ አይደለች? ከማን ጋር ትቅር?»

አሰጋሽ ወደ ንጉሡ ዞረች። ንጉሡ ጓዳውን በዓይኑ ሰረቀው፤ ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል፣ መሬቱ ላይ የተነጠፈው ሰሌን ግን ገና ከገበያ የመጣ ይመስላል። እሷም እዚያው ስታይ አያት።

«ጠላኸው?» አለችው።

«እንዴታ! ማን ይወደዋል?»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ማን አየህ እንዳትዪኝ። እኔን የሚጠይቅ ሰው የለም።»

«እጅጌህን ሰብስብ።»

ንጉሡ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ። ይህቺም ልትስቅ ነው ብሎ አሰበ። ክርኑ ላይ የነበረው ቀይ ቁስል ነጭ ቅርፊቱን እንደለበሰ ነው። አሰጋሽ ግን ቀረብ ብላ አየችው፤ አፍንጫዋን አልያዘችም።

«በምን ታስታምመዋለህ?»

«በቫዝሊን። የጠዋት ፀሐይም እሞቃለሁ። ኡምኩልሱም ናት የመከረችኝ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ።»

«ልብስህንስ?»

«በፈላ ውሃና በሳሙና አጥባለሁ። ቅባት የጠጣ ልብስ እሳት ይወዳል ብላኛለች። ለጋዝ ነጋዴ ደግሞ…» ይህን ያህል ማውራቱ አናደደው።

አሰጋሽ ምስማር ላይ የተሰቀለውን የሟቹን ጥቁር ኮት አወረደች። ኮሌታው ላይ ነጭ ብናኝ ነበር።

«ዱቄት ነው» አለች ንግሥቴ ከለቅሶዋ መሃል ቀልጠፍ ብላ። «ወፍጮ ቤት የሚውል ሰው ምን ሊኖረው?»

«ልክ ነዎት» አለች አሰጋሽ። ኮቱን ግን አልመለሰችም። «የቤቱን ልብስ ማን ያጥባል፣ እትዬ ንግሥቴ?»

«አጣቢ አለችን።»

«የእሳቸውንም?»

ንግሥቴ አፍንጫዋን ጠረገች። «የእሱን እኔ ነኝ።»

አሰጋሽ አንዱን ፖሊስ ነርሷን እንዲጠራ፣ ሌላውን አጣቢዋን እንዲጠይቅ ላከችና ሰውን ሁሉ ከወፍጮው ድንጋይ ዙሪያ ሰበሰበች። አጣቢዋን የጠየቀው ተመልሶ በጆሮዋ አንሾካሾከ። ነርስ ኡምኩልሱም ሻሿን እያስተካከለች ገባች።

«በበሩ ልጀምር» አለች አሰጋሽ። «ጋዝ ከበር ሥር ገብቶ ቢለኮስ መጀመሪያ የሚነደው ደፉ ነው። ይኸ ደፍ አልጠቆረም፤ አሁንም በጋዝ እንደራሰ ነው። ጋዙ የፈሰሰው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው።»

አበጋዝ ዱላውን አወረደ።

«ግድግዳው ጥላሸት ለብሷል፣ ሰሌኑ ንጹሕ ነው። ብገልጠው ሥሩ አዲስ አፈር የተሞላ ጉድጓድ። ብቆፍረው የወይባ እንጨት ፍም፤ ገና አልበረደም።»

«ወይባ?» አለ አበጋዝ። «የሴቶቹ ጢስ? ወንድሜ ምን ቆርጦት?»

አሰጋሽ ከኮሌታው ላይ ብናኙን በመዳፏ ይዛ ውሃ ጠብ አደረገችበት። በሌላው እጇ ከወፍጮው አፍ ዱቄት ወስዳ እንዲሁ አደረገች። ዱቄቱ ሊጥ ሆነ። ብናኙ እንዳለ ተንሳፈፈ።

«ይኸ ቅርፊት ነው። ወፍጮ ቤት ደበቀለት። ሲስተር፣ ሰውዬው ሞቷል፤ ከእንግዲህ ይናገሩ።»

ኡምኩልሱም ተነፈሰች። «ሶርያሲስ የሚሉት የቆዳ በሽታ ነበረበት፤ ከራሱ እስከ ጀርባው። እንደ ንጉሡ። ወላሂ፣ ይኸ ቁምጥና አይደለም! ቆዳ ያለ ጊዜው ተቻኩሎ ሲያድግ ነው። በዘር ሊመጣ ይችላል፤ በመንካት፣ በእህልም አይጋባም። ጨርሶ ባይድንም በእንክብካቤ ይበርዳል። ተቀባ፣ አትፎክት፣ ልብስህን እጠብ፣ ከእሳት ራቅ አልኩት። የምሰጠውን እየወሰደ በጓሮ በር ይወጣ ነበር።»

«ቫዝሊኑን ተቀባ፤ ምክሩን ተወ» አለች አሰጋሽ። «አጣቢዋ ገላ ላይ የሚውል ልብሱን አይታው አታውቅም። እትዬ ንግሥቴም አላጠቡትም፤ ኮሌታው ይመሰክራል፤ ይጋባል ብለው ፈርተዋል። ጋቢው ወራት ሙሉ ቅባት ጠጣ። ሰው ቅዳሴ ሲሄድ በሩን ቀርቅሮ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጢሱ ቆዳውን ያድንልኛል ብሎ ከፍሙ ላይ ተቀመጠ። ጫፉ ፍሙን ነካ። ጧፍ ማለት ይኸ ነው፤ ለኳሽ አልነበረውም።»

ንጉሡ ጆሮውን አላመነም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያዋረደው ሰውዬና እሱ አንድ ቆዳ ነበር የለበሱት! ያዝን እንደሆን ልቡን ፈተሸ። ያገኘው ንዴት ብቻ ነበር።

«እትዬ ንግሥቴ፣ አበጋዝ ወደ እኛ ሲሮጥ ጉድጓዱን ሞልተው ሰሌን ያነጠፉበት፣ ከንጉሡ ተገዝቶ ቤት የነበረውን የጋዝ ጠርሙስ ደፉ ላይ ያፈሰሱት እርስዎ ነዎት» አለች አሰጋሽ። «ባልዎን አልገደሉም። ንጉሡን ግን ገመድ ላይ ሊያሰቅሉት ነበር። ቃልዎን ጣቢያ ይሰጣሉ።»

ንግሥቴ መሬት ተቀመጠች። «ልጄ ሉሊት ለትንሣኤ ልትዳር ነው። አባቷ እንዲህ ነበረ ከተባለ ማን ያገባታል? ነርሷ በዘር ይመጣል ስትል ሰምታችኋል! ልጄን ላድን ብዬ ነው።»

 ከዚያ እየዳኸች ወደ ንጉሡ ቀረበች።

«ወንድሜ ንጉሡ፣ በሞቴ! እነዚህ ሰዎች ለእኔ ብለው ይደብቁልኛል። የሉሊት አማቾች ግን መጥተው የሚጠይቁት አንተን ነው፤ በሐሰት የተያዝከው አንተ ነህ። ምን ትላቸዋለህ?»

አበጋዝ አየው። ነርሷም አየችው። ደጅ የተሰበሰበው ሰው እንኳ አንገቱን አሰገገ። ንጉሡ በዕድሜው አንድም ቀን ሰው አፉን እንዲህ ጠብቆት አያውቅም። ከንፈሩ ተላቀቀ፤ መልሶ ገጠመው። የሰበሰበውን እጅጌ እንዳለ ትቶ፣ ሰዎቹን በትከሻው እየከፈለ ወጣ፤ ቅርፊቱን ሳይሸፍን በገበያው መንገድ ቁልቁል ሄደ።