ከለቅሶ ቤት የመጣው ሐረግ

አልጣሽ ከመዝገብ ቤት ሥራዋ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቀኗ የሚጀምረው በአንድ ድምፅ ነው። ልክ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ግዛቸው ከላይኛው ፎቅ ከዘራቸውን ኳ ኳ እያደረጉ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ይወርዱና፣ በሯ ጋ ሲደርሱ፣ እግራቸውን እንኳ ሳያቆሙ፣ «ወይዘሮ አልጣሽ፣ እንደምን አደሩ?» ይላሉ። እሷም ካለችበት ሆና፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» ትላለች። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ የሚያናግራት ሰው የለም። ልጅ አልወለደችም፤ ባሏን ከቀበረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ብርድ ብርድ ሲላትም፣ ወገቧ ሲቆረጥማትም መልሷ ያው ነው። አልፎ ለሚሄድ ሰው ሕመም አይነገርም።

ሐረጉን ያመጣችው ከለቅሶ ቤት ነው። አንደኛ ፎቅ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ደብሪቱ ቤታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ ሐኪሙም ከሞቱ ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል አለ። በሟቿ ቤት ለቅሶ የተቀመጠው ጎረቤት ይህን ሊቀበል አልቻለም።

«ሦስት ሳምንት ይላል እንዴ! እስከ ትናንት ወዲያ ድረስ እኔ በበራቸው ሳልፍ ደህና ነኝ ሲሉኝ አልነበር?» አሉ ጋሽ ግዛቸው፤ ሌሎቹም እውነት ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አልጣሽ ይህን እየሰማች ዓይኗ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነበር። ነጭና አረንጓዴ ዝንጉርጉር ቅጠል ያለው ሐረግ ከመደርደሪያው ወርዶ፣ ክፍሉን ዞሮ፣ መውጫው በር ላይ ተንጠልጥሏል። ለምነው የወሰዱት አበባ አይጸድቅም፣ የሚያምረው የሰረቁት ነው ይባላል፤ የዚያ ሕንፃ ሴቶች በረንዳቸውን የሞሉት በዚሁ ሕግ ነው። የሙት ቤት መሆኑ ቅር ቢላትም፣ ሁለት ቅጠል ያለው ቁራጭ ቀንጥሳ ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠች።

በማርማላታ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ከተተችው። ሥር ሲያወጣ ወደ አፈር አዛውራ መስኮቱ አጠገብ ሰቀለችው፤ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች፣ ምስማር እየመታች፣ በክር እያሰረች አሳደገችው። ታወራውም ጀመር። «ሰው ቢያየኝ ለየላት ይለኝ ነበር» ብላ ትስቅና ወሬዋን ትቀጥላለች፤ የሽንኩርቱን ነገር፣ የጉልበቷን ነገር፣ የሟች ባሏን ነገር። ምን ታድርግ፣ ብቸኝነት ግድግዳም ያናግራል።

መንገድ ዳር አበባ የሚሸጠው ሰውዬ፣ ዝንጉርጉር ተክል ብርሃን ካጣ ነጩ ይጠፋል ብሏት ነበር። የእሷ ግን መስኮቱን ትቶ ወደ ጨለማው ኮሪደር፣ ወደ መውጫው በር አቀና። ወደ ጨለማው በገባ ቁጥር ነጩ እየበዛ ሄደ። ወደ መስኮቱ ብትመልሰው በሳምንቱ በሩ ላይ ታገኘዋለች፤ ቅጠሎቹ ሁሉ ጆሮ እንደ ጣለ ሰው ወደ ደረጃው ዞረዋል። ኮሪደሩ እርጥብ አፈርና የበሽተኛ ትንፋሽ መሽተት ጀመረ፤ ሬዲዮኑን ስትዘጋ ደግሞ ከበሩ በላይ አንድ ሰው ከንፈሩን በምላሱ የሚያርስ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ይሰማታል። ጆሮዬ ነው ብላ ተወችው።

አንድ ጠዋት አፏን እየተጉመጠመጠች ሳለ ከዘራው መጣ። «ወይዘሮ አልጣሽ፣ እንደምን አደሩ?»

ውሃውን ሳትተፋው፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» የሚል መልስ ተሰማ። ድምፁ የራሷ ነበር። ውሃውን ዋጠችውና ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። ማንም የለም። በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ግን ቅጠሎቹ ይንቀጠቀጣሉ።

ወይዘሮ ደብሪቱና ያ ሦስት ሳምንት ትዝ አሏት። ከድሮም የምትፈራው ይህንኑ ነበር፤ ወድቃ መቅረትን፣ የሚያነሳት ማጣትን። መቀስ አምጥታ ግንዱን ያዘች። እጇ ውስጥ ሞቅ አለ፤ ከዚያም፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ «ደህና ነህ?» አለችው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አላት በዝግታ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ውስጥ ለጠየቀችው ጥያቄ የመለሰላት አልነበረም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ነገ እቆርጠዋለሁ ብላ መቀሱን መሳቢያ ውስጥ መለሰችው፤ ነገ ነገ ሲባል ሁለት ወር ሄደ።

በኅዳር ወር አንድ ማለዳ ከበሩ በላይ ያሉትን ቅጠሎች ልትወለውል ወንበር ላይ ወጣች። ወንበሩ ከዳትና ጎኗ ከሲሚንቶው ጋር ተላተመ፤ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማች። እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ለመጮህ ብትሞክር ከጎድኗ ሕመም የተነሳ የሚወጣው ሹክሹክታ ብቻ ሆነ። ስልኳ መኝታ ቤት ነው። የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ለአንድ አሥር ጉዳይ። ሰዓቱ ደርሷል፣ በርቺ አለች ለራሷ፤ ከበሩ የምትርቀው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ከበላይዋ ነጫጭ ቅጠሎቹ ተንጠልጥለው ጸጥ ብለዋል።

ኳ፣ ኳ። «ወይዘሮ አልጣሽ፣ እንደምን አደሩ?»

አልጣሽ የቀራትን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስባ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ደህና አይደለሁም» አለች፤ ድምፁ ከከንፈሯ አልራቀም።

ከበላይዋ ግን የራሷ ድምፅ፣ እሷ ተናግራበት ከምታውቀው በላይ ጤነኛና ደስተኛ ሆኖ፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ፤ ከዘራውም ሳይቆም፣ ኳ ኳ እያለ፣ ደረጃውን ወረደ።