ያልተነካው ብር

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ፣ እንጅባራ ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ይሄይስ በተከራየው ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። አጠገቡ የተጋመሰ የአረቄ ጠርሙስ፣ ወለሉ ላይ የከሰል ማንደጃ ነበር። ጭሱ ሳይወጣለት ቤት የሚገባ ከሰል ስንቱን እንደጨረሰ እየታወቀ፣ ብርድ ሲመጣ ሰው ሁሉ ይረሳዋል!

ጎረቤቱ በሙሉ «ጭስ ገደለው» አለ። መርማሪው ኢንስፔክተር ምህረቴ ግን ከሬሳው በፊት ያየው በሩን ነው።

«ስትገቡ በሩ እንዴት ነበር?»

«ከሥሩ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት ነበር፤ ነቅለን ገባን» አሉት።

«ከየት በኩል ነቀላችሁት?»

«ከደጅ ነዋ።»

ምህረቴ ጨርቁን አንስቶ አገላብጦ አየው። ውስጥ ተኝቶ የሞተ ሰው በሩን ከውጭ አይደፍንም።

ጠረጴዛው ላይ አፉ የተከፈተ ቦርሳ ነበር። በውስጡ ዘጠና ሺህ ብር፣ ከብሩ ላይ ለማግስቱ የተቆረጠ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ቲኬት። ከሟቹ የጎደለችው ከደረት ኪሱ የማትለየው ቀይ ደብተር ብቻ ነበረች።

ይሄይስ «ፀዳል ኮይን» የተባለ፣ በስልክ ብቻ የሚታይ ገንዘብ ሲሸጥ የከረመ ሰው ነው። አንድ ሺህ ያስገባ በመስከረም አሥር ሺህ ያወጣል ይል ነበር። የራሱን ሀብት የሚከፍቱት አሥራ ሁለት የምስጢር ቃላት በዚያች ደብተር ላይ መጻፋቸውን፣ እያሳየ ስለሚፎክር ያላወቀ ደንበኛ አልነበረም።

በዚያው ዕለት አከራዩ ስሜነሽ ታሰረች። ከሰሉ የእሷ ነው፤ ሸጣ የምትኖረውም እሱን ነው። ሐሙስ ዕለትም ይሄይስን አንቃ «ሳልበቀልህ አልሞትም!» ስትል ጎረቤት ሰምቷል።

በማግስቱ ምህረቴ ጣቢያ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ገደሉት፣ እትዬ?»

«ብገድለውማ ምን ነበረ። ቀደሙኝ እንጂ።»

«እንዲህ አይበሉ፣ ይጻፋል።»

«ይጻፍ! ለከሰል ብዬ አምስት ዓመት ያሳደግሁትን የዲከረንስ ዛፍ አስቆርጦ ገንዘቤን በላኝ። ቅዳሜ ገበያ ውዬ ስመለስ ሰው ግቢዬን ሞልቶ አገኘሁ። ሞቱን ስሰማ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።» ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «ሜላት የት አደረች? እናቷ ከሞተች ወዲህ ያቺ ልጅ ከእኔ ከአያቷ ሌላ ሰው የላት። ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ እዚህ ከቀረሁ አለቀላት።»

«ጎረቤት ይዟታል።» ስልኩን አወጣ። «ባለቤቴም ይህን ኮይን ገዝታለች። የአንድ ሺህ ብሩን በመቶ ብር ልሽጥልዎት?»

«አንተም ሌባ ነህ?» ብላ እስረኛዋ ፖሊሱን በሩን አሳየችው።

ቀጥሎ ወደ ጨርቅ ነጋዴው ወደ ዑስማን ሱቅ ሄደ። መቶ ሺህ ብር የተበላ ሰው ነው። ምህረቴ ያንኑ ኮይን በመቶ ብር ግዛኝ አለው።

ዑስማን ሳቀ። «ወላሂ፣ መቶ ብር ቢጨምሩልኝም አልወስደው። ይሄይስን የሃምሳ ብር ኮይን ብቻ ሽጬ ልሞክር ብለው እስከ መስከረም ተቆልፏል አለኝ። መግቢያ እንጂ መውጫ የሌለው ሱቅ የት አለ? ያን ቀን ተስፋ ቆረጥሁ። ግን ይህን ጥያቄ ቀድሜ ሳልጠይቅ ምን ነካኝ?»

በመጨረሻ የተጠየቀው የሟቹ ባልንጀራ፣ የሒሳብ መምህሩ እንየው ነበር።

«ማጭበርበር መሆኑን ካወቅሁ ሦስት ወር ሆነኝ» አለ እንየው። «ሒሳብ አስተማሪ እኮ ነኝ። ሰዉን ስንቴ መከርሁት!»

ምህረቴ ስለ ባለቤቱ ኮይን ነገረው። እንየው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ።

«መቶ ብር ነው ያሉት? ለባለቤትዎ አዝኜ ነው እንጂ ለእኔ ምን ያደርግልኛል…» እያለ ሁለት ሃምሳ ብር ቆጠረ። «ሌላም ካላቸው ይንገሩኝ።»

ሰኞ ረፋድ ላይ ምህረቴ ስሜነሽን ከጣቢያ አስመጥቶ ሦስቱንም በግቢዋ ሰበሰበ። ሜላት የአያቷን ቀሚስ ጨብጣ አልለቅ ብላለች።

«ገዳዩ ቅዳሜ አረቄ ይዞ መጣ» ሲል ጀመረ። «ይሄይስ ጠጥቶ ሲተኛ ደብተሯን ወሰደ፤ ከግቢው ከሰል አቀጣጥሎ፣ ጭሱ ሳይወጣ አስገባና በሩን ከውጭ ደፈነ። ዘጠና ሺህ ብር ግን ዓይኑ እያየ ተወ። እትዬ ስሜነሽ ቢሆኑ ጥለውት ይሄዱ ነበር?»

«የራሴን ላብ? እፍኝ እፍኙን ነበር የምዘግነው!»

«ዑስማንስ?»

«ቦርሳውን ጭምር» አለ ዑስማን።

«የተበላ ሰው ብሩን ይዞ ይሄዳል። ብሩን ንቆ ቃላቱን የሚወስድ፣ ኮይኑ ሚሊዮን እንደሚያወጣ ዛሬም የሚያምን ነው። ስለዚህ ለሦስታችሁም ያንኑ ኮይን አቀረብሁ። ሁለቱ አንገዛም አሉኝ። ሦስት ወር ሙሉ ‹ማጭበርበር ነው› ሲል የከረመው ገዛኝ።»

የእንየው ፊት አመድ መሰለ። «መቶ ብር ሰውን ነፍሰ ገዳይ አያደርግም!»

«አያደርግም። የት መፈተሽ እንዳለብኝ ግን ነገረኝ።» ምህረቴ ከኪሱ ቀይ ደብተር አወጣ። «ዛሬ ጠዋት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቤትዎ፣ ከተማሪዎች የፈተና ወረቀት መሃል ተገኘች።»

እንየው እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «ይዞት ሊጠፋ ነበር! ስልክዎን ስጡኝ፣ ከፍቼ የሁላችሁንም እመልሳለሁ! እትዬ ስሜነሽ፣ እጥፍ አድርጌ!»

ስሜነሽ ወደ ምህረቴ ዞረች። «ስጠው። ልየው።»

ምህረቴ ስልኩን ሰጠው። እንየው ደብተሯን ሳያይ፣ አሥራ ሁለቱንም ቃላት በቃሉ እያነበነበ አስገባ። ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ። ደግሞ ሞከረ። ነጭ።

«ኮይኑን የፈጠሩት ሰዎች ዓርብ ዕለት ገጹን ዘግተው ጠፍተዋል» አለ ምህረቴ። «ይሄይስ ቲኬት የቆረጠው ለዚህ ነው። መጀመሪያም ከቁጥር በቀር በውስጡ ምንም አልነበረም።»

«ኔትወርክ ነው» አለ እንየው። «ኔትወርኩ ነው እንጂ…»

ስሜነሽ የልጅ ልጇን እጅ ይዛ ወደ እንየው ጎንበስ አለች።

«አዎ፣ መምህር፣ ኔትወርክ ነው» አለችው በለሰለሰ ድምፅ። «ነገም ሞክረው፣ ከነገ ወዲያም። ሃያ ዓመት ጊዜ አለህ።»